እናቴ የተቀበለችው አዝማች

የመጨረሻዋ ደህና ቀን ቅዳሜ ነበረች። ደህና ስል ምንም ያልሆነባት ማለቴ ነው። ብርዱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ከፓርኪንጉ ዳር የቀረው በረዶ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሳምሶን ጠዋት ዋይትሆል በሚባለው ሰፈር ወደነበረው አፓርትመንታችን መጣና የእናታችንን መኪና የፍሬን ሸራ ሊቀይር ከሥሩ ተኛ። የሚታየው ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው። ከቁርጭምጭሚት በላይ የተጠቀለለ ጂንስና የቀይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ረጅም ቦት ጫማ። ያ ጫማ ከወር የቤት ኪራይ ድርሻው ይበልጥ ነበር። እሑድ እሑድ በጨርቅ ይወለውለዋል። ከሥር ሲወጣ ቀጭን ቀይ የሱሪ ማንገቻው በትከሻው ላይ፣ ባለ መስመር ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፎ፣ ራሱ ደግሞ እንደ እንቁላል ያበራል። በዜሮ ተላጭቷል። እናቴ ከሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ሆና አየችው። «ሳምሶን ብዬ ስም ያወጣሁልህ ራስህን እንድትላጭ ነው? ማን ሞቶብህ ነው?» አለችው። ፀጉር ለፎርክሊፍት፣ ለዕቃ ማንሻው መኪና፣ አይመችም አላት። «ፎርክሊፍቱን በፀጉርህ ነው የምትነዳው?» አለችና ገባች። እኛ ዘንድ ራሱን የተላጨ ሰው ሐዘንተኛ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ተላጭቶ እንዲህ ያለ ጫማ ያጠለቀ ሰው ጥቁር ይደበድባል ተብሎ ይፈራል። ወንድሜ በሁለቱም በኩል አልሆነለትም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት ሴት እናቴን ጠጋ ብላ ልጅሽ ከጥቁር ጠሎች ጋር ገባ ይባላል ብትላት፣ እናቴ «ሲገባ መልኩን አላዩትም?» አለቻት። ሴትየዋ አልሳቀችም። ሳምሶን ግን ይህን ስነግረው ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ቆጣ ብሎ፣ አለባበሱን የጀመሩት ድሮ በእንግሊዝ አገር የወደብ ሠራተኛ ልጆችና ከጃማይካ የመጡ ጥቁሮች አብረው ሲጨፍሩ እንደሆነ፣ ጥቁር ጠሎቹ በኋላ እንደሰረቁት ነገረኝ። «ሌባ ሸሚዝህን ለብሶ ስላየኸው ራቁትህን ትሄዳለህ?» አለኝ።

አሁን እኔ የዚያን ጊዜውን ሳምሶንን በዕድሜ በጣም አልፌዋለሁ። ታላቅ ወንድምን በዕድሜ መብለጥ፣ እንዴት ልበል፣ ነውር ነገር ነው። ሰው ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል አመላልሳለሁ። ከሃይስኩል ወዲያ አልተማርኩም፤ ጽሑፍ እንደ ሌላው ሰው አይፈስልኝም። ይህን የምጽፈው ባለፈው ሳምንት ጋሃና በሚባለው ሰፈር ጎማ ላስጠግን በገባሁበት ቤት የሚሠራ አንድ ወጣት ስልኩን ባዶ ባልዲ ውስጥ ከትቶ ሙዚቃ ስለከፈተ ነው። ባልዲው ድምፁን ያጎላዋል። ጊታሩ እንደ ብረት መቁረጫ ይጮሃል፣ ከበሮው ይሮጣል፣ ከዚያ መሃል ላይ ድምፃቸው የጎረነነ ወንዶች አንድ ላይ «ኦ… ኦ ኦ… ኦ» ይላሉ። እዚያው የጎማ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ልጁ ድምፁን ሊቀንስልኝ ሲል ተወው አልኩት። የአባቱ ሙዚቃ እንደሆነ ነገረኝና፣ አንተም በዚህ ዕድሜህ ትሰማዋለህ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። ጎማውን ጨርሶ ወደ መኪናዬ እስኪመልሰው ድረስ እዚያው ተቀመጥኩ። ዘፈኖቹን አንዱንም አላውቃቸውም ነበር። ቢሆንም ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ የዚህ ሙዚቃ ጠባዩ እንደዚያ ነው።

ሳምሶን «ስትሪት ፓንክ» ይለው ነበር። መጀመሪያ ሲያሰማኝ የዕቃ መደርደሪያ የተገለበጠ ነው የመሰለኝ። እኔ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ሁሉም የሚሰማውን ራፕ ነው የምሰማው፤ አንገቴ ላይ የውሸት ሰንሰለት፣ ሱሪዬ ሁለት ሰው ያስገባል። «ሰውየው ስንት መኪና እንዳለው ይዘፍንልሃል፤ አንተ አውቶቡስ እየጠበቅህ ታጨበጭብለታለህ» አለኝ። የእሱ ዘፈኖች ስለ አውቶቡሱ ነበሩ። ስለ ማለዳ ሺፍት፣ ሽንት ቤት ስትሄድ ሰዓቱን ስለሚያይ ሱፐርቫይዘር፣ ስለተዘጋ ፋብሪካ፣ ስለ ጓደኛ። ቃሉ ቀላል ነው። ጊታሩም ቢሆን ጣት የሚያርፍበት ሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ ማንም ሰው በአንድ ወር ይለምደዋል። ግን ከጩኸቱ ሥር ዜማ አለ። ሰው የማያውቀው ይህንን ነው። ዜማ የሌለው ጩኸት ያደክምሃል፤ ይህ ግን ሰሃን ስታጥብ ሳታስበው ከአፍህ ይወጣል። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ደግሞ ባንዱ ይተውና ቤቱ በሙሉ ይዘፍነዋል። ሳምሶን ወደዚህ አገር የመጣው ነፍስ ካወቀ በኋላ ስለሆነ የሠርግ ቤት ዘፈን ትዝ ይለዋል፤ እኔ አይለኝም። «አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ያው ነው» ይለኝ ነበር። «ሠርግ ቤት ቃሉን አጥንተህ ነው የምትቀበለው? ማን እንደሚያገባ እንኳ የማያውቅ ሰው ቆሞ ይቀበላል።» ድምፀ መልካም ሰው ባንዱ ውስጥ አይፈለግም። የሳምሶን ድምፅ ሻካራ፣ ጥርስ የሚያጠርስ ነው። እናቴ ሶፋ እየጎተትህ ነው ወይስ እየዘፈንህ ነው ትለው ነበር። ባንዱ ስም ነበረው፤ ስድብ ስለሆነ አልጽፈውም።

ያን ቅዳሜ ፍሬኑን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ አንተም ና አለኝ። ቦታው ደቡብ በኩል፣ ፓርሰንስ ጎዳና ላይ ያለ ጠባብ መጠጥ ቤት ነበር። አሁን እዚያ የውሻ ፀጉር ያስተካክላሉ። ያኔ መግቢያው አምስት ዶላር፣ የቆርቆሮ ቢራ ሁለት ዶላር፣ ነዳጅ በጋሎን ከሁለት ዶላር በታች። ዕድሜዬ ስላልደረሰ በሩ ላይ የቆመው ሰው በወፍራም ማርከር እጄ ላይ ኤክስ ጻፈብኝ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ነገ ጠዋት ሥራ የሚገቡ ስለሆኑ በጊዜ ነው የሚጀምሩት። ጣራ ሠሪዎች፣ የተበላሸ መኪና ጎታቾች፣ አረጋውያን ቤት የምትሠራ አንዲት ግዙፍ ሴት ከነዩኒፎርሟ። የረጠበ ጃኬትና የማሽን ዘይት ይሸታል። ሳምሶን ማይኩን ይዞ መጀመሪያ ያደረገው መሳደብ ነው። ከአፐር አርሊንግተን፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር፣ የመጣ ሰው ካለ እጁን ያውጣ አለ። አንድ ምስኪን ልጅ አወጣ። «መኪናህን ውጪ ነው ያቆምከው?» አለው። አዎ አለ ልጁ። «ጎማዎቹን ተሰናብተሃቸዋል?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ልጁም ሳቀ። ጊታር የሚመታው ዳኒ ነበር። ነጭ፣ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ መልሕቅ የተነቀሰ ልጅ ነው። ከሳምሶን ጋር አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ይሠራል፣ በአንድ የኪራይ ቤት ይኖራል። መድረክ ላይ በየዘፈኑ መሃል ይሰዳደባሉ። ዳኒ ይህ ሰው ፎርክሊፍት የሚነዳው እንደ ግመል ነው ይላል፤ ሳምሶን ደግሞ የዳኒ እናት ጊታሩን የገዛችለት ቤት እንዳይመጣ ነው ይላል። ከዚያ ሳምሶን የሠራውን ዘፈን ጀመሩ። አዝማቹ ቃል የለውም። «ኦ… ኦ ኦ… ኦ» ብቻ። የማላውቀው በላብ የራሰ ሰው ክንዱን አንገቴ ላይ ጣለ፤ ሳላስበው አፌ ተከፈተ። ሰው ይህን ሙዚቃ ለምን እንደሚወደው የገባኝ ያኔ ነው። አያጽናናህም። ነገ ደህና ይሆናል አይልህም፤ ነገም ሥራ አለ ነው የሚልህ። ግን ይህንን ብቻህን አትሰማውም። ቤት ሲያደርሰኝ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር። ጠዋት ኦቨርታይም አለኝ፣ ሰኞ እመጣለሁ በላት አለኝና የመኪናውን በር ሳልዘጋው መንዳት ጀመረ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

እሑድ እናቴ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። የአንድ ሆቴል ሎንደሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነበር የምትሠራው። እኔ ተኝቼ ስልክ ጠራ። ከዌርሃውሱ ቢሮ የደወለች ሴት ናት። መጀመሪያ እንግሊዝኛ ትናገራለህ ወይ አለችኝ። ከዚያ ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። ከዚያ መደርደሪያ እንደወደቀ ነገረችኝ። ዕቃ የጫነ ረጅም መደርደሪያ ነው፤ ሳምሶን ከሥሩ ነበር። ድምፅዋ ትሑት ነው። አዝናለሁ ካለችኝ በኋላ የልብስ ማስቀመጫ ሎከሩን ቁልፍ ቁጥር አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ለሚቀጥለው ሰው ይፈለጋል መሰለኝ። ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። ፊቱ ምንም አልሆነም። በላስቲክ ከረጢት ዕቃውን ሰጡኝ፤ ስልኩ፣ ማንገቻውና ቦት ጫማው አሉበት። ያን ጫማ በመቀስ ከላይ እስከ ታች ቆርጠውታል። እዚያ ኮሪደር ላይ ያለቀስኩት ለጫማው ነው። ለሱ ያለቀስኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

ከዚያ ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ። ጋሽ ታደሰ የዕድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ብዙ ሰው የቀበሩ፣ ለብዙ እናት መርዶ ያረዱ ሰው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ መጀመሪያ የጠየቁኝ እናትህ የት ናት ብለው ነው። ሥራ ናት አልኩ። «እንግዲህ ስማ» አሉኝ። «መርዶ በስልክ የለም። በምሽትም የለም። ዛሬን በልታ፣ ተኝታ ትደር። ንጋት ላይ ሰብሰብ ብለን እንመጣለን። እስከዚያ አንተ ምንም አልሰማህም።»

«ፊቴስ፣ ጋሼ?»

«ጉንፋን ያዘኝ በላት። እራትም ብላ። ካልበላህ ታውቃለች።»

የእኛ ደንብ ይኸው ነው። ደግ ደንብ ነው፤ ሰው በሌሊት ብቻውን እንዳይጮኽ፣ የሚይዘው ክንድ እንዲኖር። ግን ደግነቱን የሚሸከም አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ከሰዓት በኋላ አገር ሁሉ ሰማ። በየቤቱ ጥቁር ልብስ ተተኮሰ። ሎንደሪው ውስጥ ከእናቴ ጋር አንሶላ የሚያጥፉት ሁለት ሴቶች ስልካቸው ላይ ሰምተዋል። አንዷ ጫፉን ይዛ፣ እናቴ ሌላውን ጫፍ ይዛ፣ እንደ ወትሮው እያወሩ አጥፈው ጨረሱ። በኋላ እንደነገሩኝ እናቴ ያን ቀን ቀልድ በቀልድ ሆና ነበር። እነሱም ሳቁላት። አንዳንዱ ደግሞ ስልክ ላይ፣ ራሱን ሲላጭ ጠርቶት ነው እንግዲህ ብሏል አሉ። ይህን ያለችውን ሴት አውቃታለሁ። ቀብሩ ላይ ከሁሉም በላይ የጮኸችው እሷ ናት።

እናቴ ስትመለስ ጀንበር እያዘቀዘቀች ነበር። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሶፋው ላይ ሰቀለች። ፊቴን አይታ ዝንጅብል አፍላ አለችኝ። ዐቢይ ጾም ስለሆነ ሽሮ በላን። እኔም በላሁ። ጣዕም የለውም ብል ውሸት ነው፤ ጥሩ ሽሮ ነበር፣ ይህም ይቆጨኛል። ሳሚ ስልክ አያነሳም አለች። ስልኩ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ፣ በላስቲኩ ከረጢት ነው። ኦቨርታይም ገብቷል አልኳት። «ይህ ሥራ ይገድለዋል» አለችና ሰሃኗን አነሳች። ሰው ሁሉ እንደሚለው ነው ያለችው።

በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ዳኒ ነው። ብርቱካናማውን የሚያበራ የሥራ ሰደርያውን አላወለቀም። ያን ጠዋት አብሮት ሺፍት ላይ ነበር። ወጥቼ በሩን ከኋላዬ ሳብኩና ዛሬ አይሆንም፣ ሂድ አልኩት። አልገባውም። እንዴት ይግባው? እነሱ ዘንድ ለእናት ወዲያው ይነገራል፤ ታውቃለች ብሎ ነው የመጣው። እናትህን ማየት አለብኝ አለኝ። ገፋሁት። እንደገና ሲጠጋ አንገትጌውን ይዤ ከግድግዳው ጋር አጋጨሁት። እጁን እንኳ አላነሳም። የደረጃው ድምፅ ስለበዛ እናቴ በሩን ከፈተችው። ዳኒ ሲያያት እንደ ሕፃን ጮኾ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። እሷ በትከሻው በኩል እኔን ታያለች፣ መልስ ትጠብቃለች።

«ወንድሙ ሞቶበት ነው» አልኳት።

«ውይ በሞትኩት» አለች። «እና ሐዘንተኛ በቡጢ ነው የምትቀበለው?» ይዛው ገባች፤ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቡ ተቀመጠች። የእናቴ እንግሊዝኛ ሶሪና ታንክዩ ነው። ስለዚህ መሃላቸው ቆሜ አስተረጎምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ዳኒ፣ መደርደሪያው ሲወድቅ በመጀመሪያ የደረሰው እሱ እንደሆነ እንድነግራት ጠየቀኝ። ወንድሙ ሲሞት አጠገቡ ነበር አልኳት። ዳኒ «ሳም» ሲል ሰማችው፤ ስለ ሳሚ ምን አለ አለችኝ። ሳሚ ነው እናቴ ጋ ሂድ ያለኝ ይላል አልኳት። «ጎበዝ ልጄ» አለች። ዳኒ፣ እጁን ይዤው ነበር፣ አለቀቅሁትም፣ ንገራት አለኝ። ያን እንዳለ ነገርኳት። እናቴ የዳኒን እጅ አገላብጣ አየችው። የማሽን ዘይት ከጥፍሩ ሥር አልወጣም። ሳመችው። «ብቻውን አልሞተም በለው። ይህ ትልቅ ነገር ነው በለው።»

ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። እንደ ደንቡ። ታላቁ ነው ታናሹ? ታላቁ አልኩ። አግብቷል? አላገባም። «እናታቸው አለች?»

«አለች።»

«ሰምታለች?»

ዳኒ ፊቴን እያየ ነበር። እሱ አፏን ያያል፣ ቃሉን አያውቀውም። «ገና አልተነገራትም» አልኩ።

እናቴ ደረቷን ያዘች። «እንዳይነግሯት። ዛሬ እንዳይነግሯት በለው። የነሱን ደንብ አላውቅም፣ ግን በምሽት ለእናት አይነገርም። ትተኛ። ነገ ሲነጋ ሰው ተሰብስቦ ይንገራት። ዛሬ ማታ እኮ የመጨረሻዋ ናት፣ ምስኪን። ትተኛ በለው።»

ለዳኒ፣ ስለመጣህ ታመሰግንሃለች አልኩት።

ሽሮውን አሙቃ አመጣች። አልበላም ሲል በእጇ አጎረሰችው። ዳኒ እያለቀሰ ዋጠ። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለሰው ያወራል፤ ልጇ በሞተበት ቀን በእጇ ያበላች ሴት አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ብርታት የለም ይላል። ጣራ መሥራት ጀምሮ ከዚያ ወገቡ ተጎድቶ ቤት ከዋለ በኋላም ስንገናኝ ያንኑ ይለኛል። አላረምኩትም። ለምን አርመዋለሁ? ከዚያች ቀን ለዳኒ የተረፈው ይህ ብቻ ነው።

ሲበላ ትንሽ ረጋ አለ። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፉ ቀስ እያለ መምታት ጀመረ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የሳምሶንን ዘፈን ነው። ጊታር የለ፣ ከበሮ የለ። መጠጥ ቤት ውስጥ የሚሮጠው ዘፈን እዚህ በዝግታ ሄደ። ቃሉን በተዘጋ ድምፁ አለውና አዝማቹ ላይ ደረሰ። «ኦ… ኦ ኦ… ኦ።» እናቴ ምን እያለ ነው አለችኝ። «ሙሾ ነው» አልኳት። «ያገራቸው ሙሾ።» ራሷን ነቀነቀች። ለሷ ምንም እንግዳ ነገር የለውም፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ሁለተኛው ዙር ላይ ዜማውን ያዘችው። እንደነገርኳችሁ ዜማው ቀላል ነው፣ ማንም ይይዘዋል። ዓይኗን ጨፍና፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ተቀበለችው። «ኦ… ኦ ኦ… ኦ።» ድምፅዋ ያምራል፤ ባንዱ ውስጥ አይቀበሏትም ነበር። ዳኒ ይመታል፣ እሷ ትቀበላለች፣ እኔ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ እንደ ሙሾ አውራጅ ከራሷ ቃል ጨመረችበት፤ በዚያው ዜማ፦

አገር ሰምቶታል፣ እናት አልሰማች፤
ምስኪን ዛሬ እንኳ እራቷን በላች።

ዳኒ ምን አለች አለኝ። አምላክ ያጥናህ ነው ያለችው አልኩት።

ሲሄድ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ፓርሰንስ አካባቢ አልኳት። ሳሚም እዚያው አካባቢ አይደል አለች። አዎ አልኩ። ከዚያ ገብታ ተኛች። በግድግዳው በኩል ሰማኋት፤ እንደ ደከመ ሰው እያንኮራፋች ነው የተኛችው። ጋሽ ታደሰ የፈለጉት ይህንን ነው፤ ሆነላቸው።

ንጋት ላይ የነቃሁት በሽንኩርት ሽታ ነው። ለካ ተኝቼ ነበር። ወጥ ቤት ሄድኩ። እናቴ ቆማለች። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች፣ ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ ጫማዋን አድርጋለች። ትልቁን ድስት ምስር ወጥ ከእሳቱ አውርዳ በፎጣ እየጠቀለለች ነው። ማን ነገራት አልኩ በሆዴ።

«ተነሳህ? ልበስ» አለችኝ። «ወደዚያ ልጅ ቤት ታደርሰኛለህ። ከሺፍቴ በፊት ደርሼ ልመለስ። ዕድር የለው፣ ዘመድ የለው፣ ማን ይቀመጥለታል? ለእናቲቱም እስካሁን ነግረዋት ይሆናል።»

ገና ነው፣ አልነጋም አልኳት። ልቅሶ ቤት ሲረፍድ አይሄድም አለች። ካልሲዬን ፈለግሁ። መኪናው ይሙቅ አልኩ። «በመንገድ ይሞቃል» አለችና ድስቱን በሁለት እጇ አቅፋ በሩን በክርኗ ከፈተችው።

ደረጃው ሥር ቆመው ነበር። ጋሽ ታደሰ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት፣ ከጎናቸው ቄሱ፣ ከኋላ ሴቶቹ፣ የሎንደሪዎቹም ሁለት ሴቶች አሉ። ሁሉም ጥቁር በጥቁር። በሌላ ቀን ቢሆን እናቴ ገና ስታያቸው ታውቅ ነበር። የእኛ ሰው በንጋት ተሰብስቦ ደጅህ ከቆመ የሚጠየቅ ነገር የለም። ያን ቀን ግን ለጥቁሩ ልብስ ምክንያት ነበራት።

«እናንተም ሰማችሁ?» አለቻቸው። ፊቷ በራ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለፈረንጅ ልጅ ይህን ያህል ሰው ይነሳል ብዬ አላሰብኩም። ኑ እንግዲህ፣ አብረን እንሂድ።»

ጋሽ ታደሰ አፋቸውን ከፈቱ። ለዚያ ሁሉ እናት ያረዱት ሰው መልሰው ዘጉት። ቄሱ መስቀላቸውን አዩ። ከሎንደሪዎቹ አንዷ ፊቷን ወደ መኪኖቹ አዞረች። እናቴ ፈገግ እያለች ሁለት ደረጃ ወረደች።

ደርሼባት መጀመሪያ ድስቱን ከእጇ ወሰድኩት፤ ትኩስ ነበር። ደረጃው ላይ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ እግሯ የማይመታው ቦታ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሁለት ክንዷን ያዝኩ።

«የሞተው የሱ ወንድም አይደለም፣ እማዬ» አልኳት። «የኔ ነው።»